ያውቁ ኖሯል? አንደበታቸውን የገሩ ሰዎች

ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይላል ያገራችን ሰው። ንግግር ፍርድ ያስገኛል ብሎ ያመነ ሕዝብ ነው። ሆኖም መድረክ ላይ ወጥቶ አዳራሽ ሙሉ ሰው ጸጥ የሚያሰኝ ሰው ስናይ፣ «ሲፈጥረው ነው» ብለን እናልፋለን። ለዚህ ዓምድ መረጃ ሳሰባስብ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። ስማቸው ከንግግር ጋር ከሚነሳ ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ቀን አፋቸው ተሳስሮባቸው የተቀመጡ ናቸው። የተለዩት ከዚያ በኋላ በሠሩት ሥራ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማኅተመ ጋንዲ ጠበቃ እንደነበሩ ብዙ ሰው ያውቃል። በቦምቤይ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት ፊት የቆሙ ዕለት ለምስክሩ አንዲት ጥያቄ እንኳ ማቅረብ እንዳቃታቸውስ ያውቁ ኖሯል? ልባቸው ከዳቸው፣ ራሳቸው ዞረ፣ ተቀመጡ። የተቀበሉትን 30 ሩፒ መለሱ፤ ባለጉዳይዋም በ51 ሩፒ ሌላ ጠበቃ አቆመች። ይህን የነገሩን ጠላቶቻቸው አይደሉም። ራሳቸው ጋንዲ በግለ ታሪካቸው ጽፈውታል።

ዊንስተን ቸርችል ኤፕሪል 22 ቀን 1904 በእንግሊዝ ፓርላማ ሲናገሩ ንግግራቸውን በቃላቸው ይዘው ነበር። 45 ደቂቃ ያህል ጥሩ ሄዱ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ሐሳቡ ተሰወረባቸው። ቀጣዩ ቃል አልመጣ አለ፤ የሚያዩት ወረቀትም አልነበረም። ምክር ቤቱ ስላዳመጣቸው አመስግነው ተቀመጡ፣ ፊታቸውንም በእጃቸው ሸፈኑ። ያኔ 29 ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ትልቅ ንግግር ሲያደርጉ ማስታወሻቸውን ሳይዙ አልቆሙም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ዓለም ጆሮውን የሰጣቸው ንግግሮች በጽሕፈት መኪና እንደ ዳዊት መዝሙር በአጫጭር መስመር ተሰብረው የተጻፉ ነበሩ፤ ዓይን ዝቅ ብሎ አንድ መስመር አንሥቶ ወደ ሰው እንዲመለስ። ይህን አጻጻፍ ዛሬ ለሚናገር ሁሉ ያለማመንታት እመክራለሁ። ጥቅጥቅ ያለ አንቀጽ ይዞ የወጣ ሰው አንዴ ዓይኑን ካነሳ ቦታውን አያገኘውም።

ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በፔንሲልቬንያ ክሮዘር በተባለው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ሲማሩ፣ በሕዝብ ፊት ንግግር ትምህርት ያገኙት ውጤት «ሲ» ነበር። አዎ፣ ኪንግ።

የአቴናው ዴሞስቴንስ ከ2,300 ዓመት በፊት የኖረ ሰው ነው። ፕሉታርክ እንደሚተርከው ምላሱ የሚያያዝ፣ ትንፋሹ የሚያጥር ሰው ስለነበር የመጀመሪያ ንግግሩ ላይ ተሳቀበት። ጠጠር በአፉ ይዞ መናገር ተለማመደ፤ ዳገት እየወጣ ረጅም ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ ሞከረ። ከመሬት በታች የመለማመጃ ክፍል አሠርቶ፣ ወደ ውጭ የመውጣት ፈተና እንዳያሸንፈው የራሱን ግማሽ ተላጨ። ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ገበያ የሚወጣ የለምና ወራት እዚያው ከርሞ ተለማመደ ይባላል።

ይኸው ዴሞስቴንስ በንግግር ከሁሉ የሚበልጠው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ «አቀራረብ» አለ፤ ሁለተኛውስ ቢሉት «አቀራረብ»፤ ሦስተኛውስ ቢሉት ያንኑ መለሰ። ይህን የሮማው ሲሴሮ መዝግቦታል። ሲሴሮም ቢሆን ንግግር ሲጀምር ይርበተበት የነበረ ሰው ነው።

«ሰው ከሞት ይልቅ በሕዝብ ፊት መናገርን ይፈራል» ሲባል ሳይሰሙ አልቀሩም። ምንጩን ያውቁ ኖሯል? በ1973 ብሩስኪን የተባለ የአሜሪካ የጥናት ድርጅት 2,500 ያህል ሰዎችን ምን ምን እንደሚያስፈራቸው ጠየቀ። ከመቶ 41 ያህሉ በሰው ፊት መናገርን፣ 19 ያህሉ ሞትን ጠቀሱ። አንድ ሰው የፈለገውን ያህል ፍርሃት መጥቀስ ይችል ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ የሚለው ንግግር የሚያስፈራው ሰው ብዙ ነው ብቻ ነው፤ ከሞት ጋር አወዳድረህ ምረጥ የተባለ የለም። አሠልጣኞች ይህን አባባል መክፈቻ ማድረጋቸውን ቢተዉ ደስ ይለኛል። ለፈራ ሰው ፍርሃቱን አግዝፎ መንገር ምን ይጠቅመዋል?

ይልቅ የሚጠቅመው ይሄ ነው። በ2003 ሳቪትስኪና ጊሎቪች የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ተናጋሪዎች ምን ያህል የተርበተበቱ እንደሚመስሉ ራሳቸውንም አድማጮቻቸውንም ጠየቁ። ተናጋሪዎቹ «ሁሉም ነገሬ ይታይብኛል» ብለው አስበዋል፤ አድማጮቹ ግን ያን ያህል አላዩባቸውም። ደስ የሚለው ቀጣዩ ነው። ይህን እውነት፣ ማለትም ድንጋጤያቸው እንደሚመስላቸው እንደማይታይ፣ አስቀድመው የተነገራቸው ሰዎች የተሻለ ንግግር አደረጉ። መድኃኒቱ ማወቁ ብቻ ነበር።

በ2014 ደግሞ የሃርቫርዷ አሊሰን ውድ ብሩክስ ሊናገሩ የተዘጋጁ ሰዎችን ለሁለት ከፈለቻቸው። አንዱ ወገን «ተረጋግቻለሁ» እንዲል፣ ሌላው «ጓጉቻለሁ» እንዲል ተደረገ። የተሻለ የተናገሩት የጓጉት ናቸው። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። የፈራም የጓጓም ሰው ልቡ ይመታል። የሚመታን ልብ አቁም ከማለት ይልቅ ሌላ ስም መስጠት ይቀላል።

እኔም በዚህ ነገር የማልረሳው አለኝ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ በጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና እንዳነብ ታዘዝኩ። ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሎ ሰልፉ ጸጥ ሲል፣ ከደብተር መሐል የተገነጠለች ቀጭን ወረቀት ይዤ ማይክራፎኑ ጋ ቆምኩ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ወረቀቷ ትርገበገባለች፤ ማይክራፎኑ ድምፅዋን እየሳበ በድምፅ ማጉያው ያወጣዋል። ልጆቹን አላየኋቸውም። የምሰማው የወረቀቷን ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱን በሰማሁ ቁጥር ይብስብኛል። ስጨርስ የአማርኛ መምህራችን ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ሁለተኛ ወረቀቱን ደብተርህ ላይ ደግፈህ ያዝ። እጅህን ማንም አያየውም፤ የሚያሳብቅብህ ወረቀቱ ነው» አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ደብተሬን ይዤ ወጣሁ፤ እጄ እንደ መጀመሪያው ተንቀጠቀጠ፣ የሰማው ግን አልነበረም። እስከ ዛሬ በጠንካራ ካርቶን ካልሆነ ማስታወሻ ይዤ አልቆምም።

ንግግር መሐል የሚጎነጩት ውኃ የድምፅ አውታሮችዎን እንደማይነካ ያውቁ ኖሯል? ውኃው የሚወርደው በምግብ ቧንቧ ነው፤ የድምፅ አውታሮቹ ያሉት በአየር ቧንቧው አፍ ላይ። አፍን ያረጥባል፣ ፋታም ይሰጣል። አውታሮቹ የሚረጥቡት ግን ሰውነት ቀድሞ ያገኘው ውኃ ሲዳረስ ነው። ከቀኑ በአሥር ሰዓት ንግግር ያለበት ሰው መጠጣት ያለበት ከጠዋት ጀምሮ ነው። እነዚህ አውታሮች ስንናገር በወንድ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ በሴት 200 ጊዜ ገደማ ይርገበገባሉ። «እህህ» እያሉ ጉሮሮ መጥረግ እርስ በርስ ያጋጫቸዋል። መዋጥ ይሻላል።

ሌላ የተሳሳተ ወሬ። «ከምንናገረው ውስጥ ቃላት 7 ከመቶ፣ ድምፅ 38 ከመቶ፣ የፊትና የሰውነት ሁኔታ 55 ከመቶ ነው» የሚል ነገር በየሥልጠናው ይጠቀሳል። ቁጥሮቹ አልበርት መህራቢያን በ1967 ካወጣቸው ሁለት ጥናቶች የመጡ ናቸው። ያጠናው ግን ጠባብ ነገር ነው፤ ሰው ስለሚሰማው ስሜት ሲናገር ቃሉ፣ ድምፁና ፊቱ ካልተስማሙ አድማጭ የትኛውን ያምናል የሚል ነው። ራሱ መህራቢያን ነገሩ ለሁሉም ንግግር አይሠራም ብሏል። ቢሠራማ የማናውቀውን ቋንቋ ስንሰማ 93 ከመቶው ይገባን ነበር።

አጭር ንግግር ይታወሳል። ኖቬምበር 19 ቀን 1863 በአሜሪካ ጌቲስበርግ የወታደሮች መቃብር ሲመረቅ የክብሩ ተናጋሪ ኤድዋርድ ኤቨረት ነበር፤ በዘመኑ ስመ ጥር አንደበተ ርቱዕ። ሁለት ሰዓት ተናገረ። ቀጥሎ አብርሃም ሊንከን ተነሥተው 270 ገደማ ቃላት፣ አሥር ዓረፍተ ነገር ተናግረው ተቀመጡ። ኤቨረት በማግስቱ ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ እርስዎ በሁለት ደቂቃ የደረሱበትን ቁም ነገር እኔ በሁለት ሰዓት ቀርቤው ቢሆን እደሰት ነበር የሚል። የሊንከንን ያህል የኤቨረትንም ትሕትና እወዳለሁ።

ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የበዓለ ሲመት ንግግሮች አጭሩ የጆርጅ ዋሽንግተን ሁለተኛው ነው፤ በ1793፣ 135 ቃላት። ረጅሙ በ1841 የዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን፤ 8,445 ቃላት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በብርድ፣ ያለ ካፖርት። ሃሪሰን በአንድ ወር ውስጥ አረፉ።

የሕንዱ ክሪሽና ሜኖን በ1957 በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ስለ ካሽሚር ስምንት ሰዓት ያህል ተናግረዋል። ርዝመቱ ይታወሳል፤ ከውስጡ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያስታውስ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝነኝን ልናገር። በየጉባኤው የተጋበዘ ተናጋሪ የተሰጠውን አሥር ደቂቃ ግማሹን «ክቡር» እና «ክብርት» እያለ ስምና ማዕረግ ሲደረድር ይጨርሰዋል። አክብሮት ባህላችን ነው፤ እንዲቀር አልፈልግም። ግን አድማጭ ንቁ የሚሆንባት የመጀመሪያዋ ደቂቃ ተመልሳ አትመጣም። መድረክ መሪው አንዴ ስማቸውን ጠርቶ አመስግኗቸዋል፤ ቀጥሎ የቆመ ሰው «ክቡራንና ክቡራት» ብሎ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ቢገባ እንግዶቹም የተከበሩ፣ አድማጩም የተከበረ ይሆናል።

ንግግር እንደ ሙያ፣ በወኪልና በክፍያ፣ መቼ እንደተጀመረ ያውቁ ኖሯል? በ1868 ጄምስ ሬድፓዝ የተባለ ሰው ቦስተን ላይ ተናጋሪዎችን ከየከተማው አዳራሽ ጋር የሚያገናኝ ቢሮ ከፈተ። ከደንበኞቹ አንዱ ማርክ ትዌይን ነበር። ትዌይን በ1894 ማተሚያ ቤቱ ሲከስር ዕዳ ውስጥ ገባ፤ በ1895 እና 96 አውስትራሊያን፣ ኒውዚላንድን፣ ሕንድንና ደቡብ አፍሪካን እየዞረ በመናገርና በመጻፍ ባገኘው ገንዘብ ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ከፈለ። ሕግ ከሚያስገድደው በላይ ነበር የከፈለው።

ይኸው ትዌይን ንግግሩ እየተምታታበት ሲቸገር የየክፍሉን መነሻ ፊደል በአሥር ጥፍሮቹ ላይ በቀለም ጻፈ። ጥቂት ቆይቶ የትኛው ጣት ላይ እንደደረሰ ይጠፋዋል። አድማጮች ጥፍሩን አብዝቶ ሲያይ እያዩ እጁን ምን ነካው ብለው ጠየቁት። በኋላ ፊደሉን ትቶ ክፍሎቹን የሚያስታውሱ ሥዕሎች በእስክርቢቶ ጫረ። ሥዕሎቹን እንደጨረሰ ጣላቸው፤ ዓይኑን ሲጨፍን ይታዩት ነበርና።

ሐሳቡ ከትዌይን በፊትም የነበረ ነው። ሲሴሮ እንደጻፈው የግሪኩ ባለቅኔ ሲሞኒደስ ከግብዣ ቤት ወጣ እንዳለ ጣራው ተደርምሶ እንግዶቹን አጠፋቸው። አስከሬኑን መለየት ሲያቅት፣ እሱ ማን የት ተቀምጦ እንደነበር እያስታወሰ አንድ በአንድ ለዘመዶቻቸው ለየ። ሰው ቦታን እንደማይረሳ ያኔ ተረዳ። ይሞክሩት። መክፈቻዎን ግቢው በር ላይ፣ ሁለተኛውን ሐሳብ ሳሎኑ ውስጥ፣ ሦስተኛውን ጓዳ፣ መዝጊያውን ጓሮ ያኑሩት። ሲናገሩ በቤትዎ ውስጥ ይሄዳሉ እንጂ አያነቡም።

አሁን በጣም ወደምወደው ታሪክ ልግባ። ራስል ኮንዌል የተባለ የፊላደልፊያ ሰባኪ አንድ ንግግር ነበረው፤ አልማዝ ፍለጋ እርሻውን ሸጦ ስለሄደ ገበሬ፣ አልማዙ ግን በሸጠው እርሻ ውስጥ ስለመገኘቱ። ይህን አንድ ንግግር ከ6,000 ጊዜ በላይ አቀረበው። ገቢውን ለድሆች ተማሪዎች ትምህርት አዋለው፤ የመሠረተው ትምህርት ቤትም ዛሬ ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድን ነገር 6,000 ጊዜ የተናገረ ሰው እንዴት አልሰለቸም፣ እንዴትስ አልተሰለቸም? ኮንዌል ራሱ አሠራሩን ጽፎታል። ወደሚናገርበት ከተማ ቀደም ብሎ ይደርሳል። ፖስታ ቤቱን ይጎበኛል፣ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ይሄዳል፣ ሆቴል ጠባቂውን፣ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር፣ ቄሱን ያነጋግራል፤ ፋብሪካና ሱቅ ይገባል። ከተማው ምን ቀናው፣ ምን ጎደለው ብሎ ይጠይቃል። ማታ መድረክ ሲወጣ ንግግሩ ያው ነው፤ የሚናገረው ግን ስለዚያ ከተማ ነው።

ስለ ሙያዊ ተናጋሪነት አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል ይህን ነው የምናገረው። ለአንድ የዕድር ጉባኤ የተጋበዘ ሰው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ደርሶ ከዳኛውና ከጸሐፊው ጋር፣ ድንኳን ከሚተክሉት ጎረምሶች ጋር፣ ወጥ ከሚያማስሉት እናቶች ጋር ቢያወጋ፣ ሌላ ሰው ከመጽሐፍ የማያገኘውን ይዞ ይቆማል። አድማጭ ስሙ ሲጠራ ቀና ይላል፤ ኑሮው ሲጠራም እንደዚያው።

ዴል ካርኔጊ በ1912 ኒው ዮርክ ውስጥ የመጀመሪያውን የንግግር ትምህርት ሲያስተምር የሚያስተምረው አለቀበት። ቢቸግረው ተማሪዎቹን ስላናደዳቸው ነገር እየተነሡ እንዲናገሩ አደረገ። ፍርሃቱ ጠፋ። የተናደደ ሰው ስለ እጁ አቀማመጥ አያስብም።

ቶስትማስተርስ የተባለው የንግግር መለማመጃ ማኅበር ኦክቶበር 1924 ካሊፎርንያ፣ ሳንታ አና ከተማ ውስጥ ራልፍ ስሜድሊ በተባለ ሰው ተመሠረተ። በማኅበሩ ስብሰባ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ የተሰጠው ሰው አምስተኛው ላይ አረንጓዴ፣ ስድስተኛው ላይ ቢጫ፣ ሰባተኛው ላይ ቀይ መብራት ያያል። «እ…» እና «አ…» ያለበትን ብዛት የሚቆጥር ሰውም ይመደባል። በአማርኛ ቢሆን «ማለት ነው» እና «እንትን» የሚቆጠሩ ይመስለኛል።

የእንግሊዙ ጆርጅ ስድስተኛ ከመንገሣቸው በፊት፣ በ1925 ዌምብሊ ላይ ሲናገሩ በመንተባተብ ተሠቃዩ፤ ሕዝቡም አብሯቸው ተጨነቀ። በዓመቱ ሊዮኔል ሎግ ወደተባለ አውስትራሊያዊ ሄዱ። ሎግ የሕክምና ዲግሪ አልነበረውም፤ የመድረክ ሰውና የአነጋገር መምህር ነበር። ትንፋሽ አያያዝን በየቀኑ አለማመዳቸው። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 ንጉሡ ጦርነት መታወጁን በራዲዮ ሲናገሩ ሎግ በክፍሉ ውስጥ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

ዕቃ ከቃል ይልቅ ይታወሳል። ቢል ጌትስ በ2009 ቴድ በተባለው የንግግር መድረክ ላይ ስለ ወባ ሲናገሩ ትንኝ ከብልቃጥ ለቀቁ፤ ድሆች ብቻ የሚነደፉበት ምክንያት የለም ብለው። ሐንስ ሮዝሊንግ በ2007 በዚያው መድረክ ንግግራቸውን ጎራዴ በመዋጥ ጨረሱ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. አብዮት አደባባይ ላይ ደም መሳይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች የከሰከሱበትን ዕለትም በሕይወት ያለ ሰው አልረሳውም። ከዚያ በኋላ የመጣው ቀይ ሽብር ነው። መድረክ ላይ የቆመ ሰው ይህን ኃይል እንደያዘ ማወቅ አለበት።

ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በሴፕቴምበር 1993 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ሲቆሙ፣ ንግግሩን እያሳየ የሚያስነብባቸው ቴሌፕሮምፕተር የቆየ ንግግር ይዞ ተከፈተ። የተሳሳተው ጽሑፍ ዓይናቸው ሥር እየተንከባለለ፣ እሳቸው ደቂቃዎች ያህል ስለ ጤና አገልግሎት ከራሳቸው ተናገሩ። አዳራሹ አላወቀም። ጉዳዩን ያውቁት ነበር፤ ወረቀት ብቻ የሸመደደ ሰው እዚያ ላይ ያልቅለት ነበር።

በባርነት የተወለደው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ12 ዓመቱ ገደማ በ50 ሳንቲም አንድ የንግግሮች መድበል ገዛ፤ እየተደበቀ ያነበው ነበር። በ1841 ናንተኬት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቅ ጉባኤ ሲናገር ቀጥ ብሎ መቆም አቅቶት ነበር። ከዚያ በኋላ የሰሙት ብዙዎች ባሪያ የነበረ ሰው እንዲህ ሊናገር አይችልም ብለው ተጠራጠሩ። ለዚህም ሲል ስሙን፣ የጌታውን ስም፣ የነበረበትን ቦታ ሁሉ ጠቅሶ ታሪኩን በ1845 አሳተመ፤ ሊያዝ እንደሚችል እያወቀ።

ስለ እኛስ? የቅኔ ቤት ተማሪ ትናንት የተናገረውን ዛሬ አይደግምም፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ አዲስ ቆጥሮ፣ መምህሩና ጓደኞቹ ፊት በቃሉ ይናገራል፤ ቤት ባይመታለት እዚያው ይታረማል። ዕለት በዕለት ሳይታክት በሰው ፊት የሚናገር፣ የሚታረም፣ ደግሞ የሚናገር ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ነው። በቀድሞው ችሎት ደግሞ ባለጉዳይ «በላ ልበልሃ» ብሎ ተነሥቶ ቤት በሚመታ ንግግር ይሟገት ነበር፤ ሰውም ክርክሩን ለማዳመጥ ይሰበሰብ ነበር። ቦረና በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሕጉን በቃል ይመክርበታል። በንግግር የሚሠለጥን ሰው ከውጭ የሚማረው አለው፤ ከጓሮው የሚማረውም ብዙ ነው።

ኦገስት 28 ቀን 1963 ዋሽንግተን ላይ ለሲቪል መብት ሰልፍ 250,000 ያህል ሰው ተሰብስቧል። «ሲ» ያገኙት ኪንግ የተዘጋጀ ጽሑፍ ይዘዋል፤ ስለ ሕልም የሚናገረው ክፍል በጽሑፉ ውስጥ የለም። ወደ መጨረሻው ሲጠጉ ከኋላቸው የቆመችው ዘማሪት ማሃሊያ ጃክሰን ስለ ሕልሙ እንዲነግሯቸው ጮኻ አሳሰበቻቸው። ከዚያ ቀደም በሌላ ቦታ ሲናገሩት ሰምታቸዋለች። ወረቀቱን ወደ ጎን አደረጉት፤ የቀረውን ዓለም ያውቀዋል። ብዙ ሰው ይህን «ሳይዘጋጁ» ይለዋል። እኔ አልስማማም። ያ ክፍል ዲትሮይትን ጨምሮ በየከተማው ተነግሮ፣ ታርሞ፣ በሰው ፊት በስሎ የመጣ ነው።

ኔልሰን ማንዴላ ኤፕሪል 20 ቀን 1964 በደቡብ አፍሪካ የሪቮንያ ችሎት ተከሳሽ ሆነው ቀርበው ሦስት ሰዓት ያህል ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን አስቀምጠው፣ ዳኛውን እያዩ የመጨረሻውን ክፍል በቃላቸው ተናገሩ። ሲቀመጡ በችሎቱ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል ድምፅ አልተሰማም።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር መድረክ ላይ ሲቆሙ ከላይ የተቀመጡ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ አዳራሹን አናወጡት። የሮማንያው ቲቱሌስኩ እነዚያን አረመኔዎች አስወጡ ብሎ ጮኸ። ፖሊስ ጋዜጠኞቹን እስኪያስወጣ ንጉሠ ነገሥቱ ሳይነቃነቁ ዝም ብለው ጠበቁ። ፈረንሳይኛ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። በአዳራሹ ከነበሩት ብዙዎቹ አንድ ቃል አልገባቸውም፤ ያንን ዝምታና ያንን ድምፅ ግን ሰምተዋል። ትርጉሙ ሲነበብላቸው ጣሊያን የረጨችውን የመርዝ ጋዝ፣ የተመረዘውን ወንዝና ያለቀውን ከብት ሁሉ ሰሙ።

ከ27 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሲናገሩ ያንኑ የጄኔቫ ቀን አስታውሰው ጀመሩ። ከዚያ ንግግር ውስጥ ስለ ዘር እኩልነት የተናገሩትን ክፍል ቦብ ማርሌይ ወስዶ በ1976 «ዋር» የተባለውን ዘፈን አወጣበት። ዛሬ በኪንግስተንም፣ በለንደንም፣ በሻሸመኔም ያንን ዜማ እየተወዛወዘ የሚሰማ ወጣት የሚዘፍነው፣ አንድ ሰው ጠረጴዛ ፊት ቆሞ በዝግታ ያነበበውን ንግግር ነው።